ባክሚንስተር ፉለርና የዓለም ጨዋታ

በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ በ1967 በተከፈተው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ከታዩት ሕንፃዎች መካከል የተመልካቹን ዓይን አብልጦ የሳበው የአሜሪካ መንግሥት የትርኢት አዳራሽ ነበር። ከብረት ቧንቧዎች የተጠላለፈና ብርሃን በሚያሳልፍ አክሪሊክ የተሸፈነ፣ ዲያሜትሩ 76 ሜትር፣ ቁመቱ 62 ሜትር ያህል የሆነ ታላቅ ሉል ሲሆን፣ ጣራውን የሚሸከም አንድም ምሰሶ በመካከሉ አልቆመም። ወደ ውስጥ የገባ ሰው የጠፈር መንኮራኩሮችን፣ የሠዓሊያንን ሥራና የሲኒማ ተዋንያንን ፎቶግራፍ ተመልክቶ ይወጣ ነበር። ይሁን እንጂ ሕንፃውን የወጠነው ሰው በመጀመሪያ ያቀደው ይህን ለማሳየት አልነበረም። ዓለም ያላት የኃይልና የማዕድን ሀብት በአንድ ሰፊ ካርታ ላይ ተዘርግቶ፣ ይህ ሀብት ለሰው ልጅ ሁሉ የሚዳረስበት መንገድ በጨዋታ መልክ የሚፈተንበት አዳራሽ እንዲሆን ነበር ሐሳቡ። መንግሥት ሕንፃውን ተቀበለ፤ ጨዋታውን ግን አልተቀበለም።

የዚህ ሰው ስም ሪቻርድ ባክሚንስተር ፉለር ነው። ዛሬ ስሙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጂኦዴሲክ በተባለው ጉልላቱ ነው። ይሁን እንጂ ጉልላቱ ፉለር ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ለኖረው ጥያቄ የተሰጠ አንድ መልስ እንጂ ጥያቄው ራሱ አልነበረም። ጥያቄውም አንድ ቤት ወይም አንድ ከተማ ቆሞ ለመኖር ስንት ኃይል ይፈጃል፤ ይህስ ኃይል ከየት ተገኝቶ ከማን ድርሻ ላይ ይነሣል የሚል ነበር። በሕንፃና በከተማ ሥራ ላይ የተሰማራ ባለሙያ የፉለርን ሕይወት መመርመር የሚጠቅመው ይህን ጥያቄ ከምን ተነሥቶ እንዴት ወደ ጨዋታ እንዳደረሰው ለመረዳት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፉለር በጁላይ 12 ቀን 1895 በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር ሚልተን በምትባል ከተማ ተወለደ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓይኑ የቅርቡን ነገር አጥርቶ ስለማያይ፣ በአራት ዓመቱ መነጽር እስከ ተደረገለት ድረስ የነገሮችን ጥቅል ቅርጽ እንጂ ዝርዝራቸውን አያውቅም ነበር። ቤተ ሰቡ የበጋውን ወራት የሚያሳልፈው በሜን ክፍለ ሀገር ጠረፍ ባለችው በቤር ደሴት ስለ ነበረ፣ ልጁ በጀልባ መካከል አደገ። በጀልባ ላይ እያንዳንዱ ዕቃ ክብደቱ ይታሰባል፤ ያለ ጥቅም የተጫነ ነገር ሁሉ ጉዞን ያዘገያል፤ ውሃና ነዳጅም ተቆጥረው የሚያዙ ናቸው። ይህን የባሕረኞች ልማድ ፉለር ከጊዜ በኋላ ወደ ቤት ሥራ አዛወረው።

ትምህርቱ አልሰመረለትም። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሁለት ጊዜ ተሰናበተ። በመካከሉም በካናዳ በኬቤክ በሚገኝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን በመትከል ሥራ ላይ ተሰማርቶ የእጅ ሙያን ከሠራተኞች ተማረ። በ1917 አን ሂውሌት የምትባል የአንድ አርክቴክት ልጅ አገባ፤ በዚያው ዓመትም ወደ አሜሪካ ባሕር ኃይል ገብቶ እስከ 1919 አገለገለ። በባሕር ኃይል ሳለ የጦር መርከቦች እንቅስቃሴ፣ የስንቅና የነዳጅ አቅርቦት ጉዳይ በዓለም ካርታ ላይ እንዴት እንደሚታቀድ ለመመልከት ዕድል አገኘ። አንድ መኮንን የራሱን መርከብ ብቻ ሳይሆን የውቅያኖሱን ሁኔታ ሁሉ በአንድነት ማሰብ እንዳለበት የተረዳው በዚህ ጊዜ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ዘመን ከባድ ነበር። በ1918 የተወለደችው የመጀመሪያ ልጁ አሌክሳንድራ ብዙ በሽታ ተፈራርቆባት በ1922 ዐረፈች። ፉለር ለልጁ መታመም የሚኖሩበት ቤት ቅዝቃዜና ርጥበት ምክንያት ሳይሆን እንዳልቀረ ያምን ነበርና፣ የመኖሪያ ቤት ጉዳይ ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ለእርሱ የሙያ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀረ። ከአማቱ ጋር በመተባበር ከተጨመቀ ጭረት ቀላል የግንብ ጡብ የሚያመርት ኩባንያ አቁሞ 240 ያህል ሕንፃዎች በዚሁ ዘዴ ተሠሩ። ሆኖም ኩባንያው ትርፍ ባለማስገኘቱ በ1927 ፉለር ከሥራው ተሰናበተ። ሁለተኛይቱ ልጁ አሌግራ በዚያው ዓመት ስትወለድ አባትየው በቺካጎ ከተማ ያለ ሥራና ያለ ገንዘብ ነበር።

ፉለር በኋላ ሲናገር እንደ ኖረው፣ በዚህ ወቅት ራሱን ወደ ሚቺጋን ሐይቅ ሊወረውር አስቦ ነበር፤ ከዚያም ሐሳቡን ለውጦ አንድ ተራ ሰው ለሰው ልጅ ምን ያህል ሊጠቅም እንደሚችል በራሱ ሕይወት ሊፈትን ቆረጠ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተቀመጡትን እጅግ ብዙ ወረቀቶቹን የመረመሩ ሰዎች ነገሩ በአንድ ሌሊት እንደዚያ ለመፈጸሙ ማስረጃ ስላላገኙ ታሪኩን ይጠራጠሩታል። የሐይቁ ታሪክ እውነትም ይሁን ቆይቶ የተቀነባበረ፣ ፉለር ከ1927 በኋላ የያዘው ሥራ ከቀድሞው የተለየ መሆኑ ግን አያጠራጥርም።

የዚህ ሥራ የመጀመሪያ ፍሬ ዳይማክሲየን የተባለው ቤት ነው። ምሳሌው በ1929 በቺካጎ በአንድ ትልቅ መደብር ውስጥ ለሕዝብ ታየ። በእኛ አገር ጎጆ ምሰሶው ጣራውን ከታች ይደግፋል፤ በፉለር ቤት ግን ስድስት ማዕዘን ያለው ወለልና ጣራ ከመካከለኛው ምሰሶ ላይ በሽቦ ገመድ ተንጠልጥለዋል። ውሃ፣ መብራትና ማሞቂያ ሁሉ በምሰሶው ውስጥ እንዲተላለፉ ታስቦ ነበር። ቤቱ በፋብሪካ ተመርቶ በመኪና ተጭኖ የሚሄድ፣ ከከተማው የውሃና የፍሳሽ መስመር ጋር መያያዝ የማያስፈልገው፣ ውሃን በጥቂቱ የሚጠቀም እንዲሆን ተወጠነ። በዘመኑ የነበሩት አርክቴክቶች በአመዛኙ ስለ ሕንፃ መልክ ሲከራከሩ፣ ፉለር ቤትን ኃይል የሚገባበትና የሚወጣበት መሣሪያ አድርጎ ማየቱ አዲስ ነገር ነበር። ከአሉሚኒየም የተወጠነው ይህ ቤት ግን በዚያን ጊዜ ሊሠራ የሚችልበት ዋጋም ሆነ ኢንዱስትሪ ስላልነበረ በምሳሌነት ቀረ።

በ1933 የሠራው ባለ ሦስት ጎማ አውቶሞቢልም ከዚሁ አስተሳሰብ የመነጨ ነው። ነፋስ የማይጋፋው ቅርጽ ያለው መኪና ጥቂት ነዳጅ ይፈጃል የሚለው መሠረተ ሐሳቡ ትክክል ነበር። ነገር ግን ከተሠሩት ሦስት መኪናዎች የመጀመሪያው በዚያው ዓመት በቺካጎ አደጋ ደርሶበት ሹፌሩ ስለ ሞተ፣ መኪናው የገንዘብ ደጋፊ አጣ። ከኋላ ባለ አንድ ጎማ የሚመራ መኪና በፍጥነት ጊዜ ለመቆጣጠር የሚያስቸግር መሆኑም ተገለጠ።

ወደ ጨዋታው የሚያደርሱት ሁለት ዋና ሥራዎች የተፈጸሙት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አካባቢ ነው። የመጀመሪያው የኃይል መዝገብ ነው። ፉለር ፎርቹን ለተባለው መጽሔት የቴክኒክ አማካሪ ሆኖ ሲሠራ፣ በ1940 የዓለምን የኃይል ይዞታ የሚያሳይ ካርታ አዘጋጀ። በዚህም ውስጥ የኃይል ባሪያ የሚል አዲስ መለኪያ አስገባ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ አንድ አገር ከድንጋይ ከሰል፣ ከዘይትና ከውሃ ግድብ የምታገኘው ኃይል ይደመራል፤ በማሽኖች ብክነት የሚጠፋው ይቀነሳል፤ የተረፈው አንድ ብርቱ ሰው በዓመት በጡንቻው ሊሠራ ለሚችለው ሥራ ይካፈላል። ውጤቱ ለእያንዳንዱ ነዋሪ ስንት የማይታዩ ሠራተኞች እንደሚያገለግሉት ያሳያል። ካርታው አሜሪካ ከዓለም የኃይል ባሮች ከግማሽ የሚበልጡትን እንደያዘች፣ አብዛኛው የእስያና የአፍሪካ ሕዝብ ግን በራሱ ጡንቻና በከብት ብቻ እንደሚሠራ ቁልጭ አድርጎ አሳየ።

ሁለተኛው የጨዋታው ሰሌዳ ነው። በ1943 ላይፍ የተባለው መጽሔት የፉለርን አዲስ የዓለም ካርታ አሳተመ። በተለመደው የመርካቶር ካርታ ላይ ወደ ዋልታዎቹ የቀረቡ አገሮች ከመጠን በላይ ተለጥጠው ሲታዩ፣ ፉለር የምድርን ገጽ ጠፍጣፋ ጎኖች ባሉት ቅርጽ ላይ አሳርፎ ዘረጋው። በ1954 የወጣው የተሻሻለው ዓይነት ሃያ እኩል ጎነ ሦስቶች አሉት። በዚህ ካርታ ላይ የየብሶቹ መጠንና ቅርጽ እምብዛም አይዛባም፤ ከሁሉም በላይ አህጉሮች በሰሜን ዋልታ ዙሪያ ተያይዘው እንደ አንድ ደሴት ይታያሉ። እስያና አሜሪካ በቤሪንግ ወሽመጥ ሊነካኩ ምን ያህል እንደ ቀረባቸው የሚያሳይ ካርታ መሆኑ ለኋለኛው ሐሳቡ መሠረት ሆነ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ፉለር በካንሳስ ክፍለ ሀገር በዊቺታ ከተማ ከሚገኝ የአውሮፕላን ፋብሪካ ጋር በመተባበር የአሉሚኒየም ክብ ቤት ሠራ። ዲያሜትሩ 11 ሜትር ያህል፣ ክብደቱ ሦስት ቶን ገደማ፣ ዋጋውም 6,500 ዶላር እንዲሆን ታስቦ ነበር። በጣራው ላይ የተተከለው የነፋስ መሳቢያ አየሩን ያለ ብዙ ኃይል ያቀዘቅዘው ነበር። የገዢዎች ጥያቄ ከየቦታው ጎረፈ። ፉለር ግን ቤቱ ገና አልተጠናቀቀም በማለት ለምርት አልለቅም ስላለ ከባለ ገንዘቦቹ ጋር ተጣልቶ ሥራው በ1946 ፈረሰ። ከዕቅዱ ተርፎ የቀረው ቤት ዛሬ በዲርቦርን ከተማ በሄንሪ ፎርድ ቤተ መዘክር ይገኛል።

ጂኦዴሲክ ጉልላት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፉለር በ1948 እና በ1949 በብላክ ማውንቴን ኮሌጅ ከተማሪዎች ጋር ሞከረው፤ በ1954 የፈጠራ መብቱን በስሙ አስመዘገበ። ተመሳሳይ ቅርጽ በጀርመን በየና ከተማ በ1920ዎቹ መጀመሪያ በዋልተር ባወርስፌልድ መሪነት ለከዋክብት ማሳያ ቤት ተሠርቶ ነበር፤ ስለዚህ የፉለር ድርሻ ቅርጹን በመጀመሪያ ማግኘት ሳይሆን ስሌቱን አስፋፍቶ ሥራ ላይ ማዋል ነው። በ1953 የፎርድ ኩባንያ የሮተንዳ ሕንፃውን ግቢ በጣራ ለመሸፈን ሲፈልግ፣ በተለመደው የብረት አሠራር 160 ቶን የሚመዝነውን ጣራ አሮጌው ግድግዳ ሊሸከመው አይችልም ነበር፤ የፉለር ጉልላት 8.5 ቶን ብቻ መዘነ። በ1956 ደግሞ በካቡል በተደረገው የንግድ ትርኢት በአውሮፕላን የተላከ 30 ሜትር ስፋት ያለው ጉልላት በአፍጋን ሠራተኞች በ48 ሰዓት ውስጥ ተተከለ፤ መገጣጠሚያዎቹ በቀለም የተለዩ ስለ ነበሩ ሠራተኞቹ ልዩ ሥልጠና አላስፈለጋቸውም።

የጉልላቱ የኃይል ሂሳብ በጂኦሜትሪ ላይ የቆመ ነው። የአንድ ሉል ዲያሜትር በእጥፍ ሲያድግ ገጹ አራት እጥፍ፣ ይዘቱ ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል። ሙቀት የሚወጣውና የሚገባው በገጽ በኩል ስለሆነ፣ ጉልላቱ በተለቀ መጠን ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ አየር የሚጠፋው ሙቀት ይቀንሳል። ፉለር ይህን ሕግ ወደ ከተማ ወሰደው። በ1960 ከአርክቴክቱ ከሾጂ ሳዳኦ ጋር በመሆን የማንሃተንን መካከለኛ ክፍል የሚሸፍን፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጉልላት ሐሳብ አቀረበ። በእርሱ ስሌት የጉልላቱ ገጽ በሥሩ ከሚገኙት ሕንፃዎች የውጭ ገጽ ድምር ሰማንያ አምስተኛውን ያህል ብቻ ነበር። የኒው ዮርክ ፎቆች እንደ ሞተር ማቀዝቀዣ ክንፎች ሙቀታቸውን ለነፋስ እየሰጡ እንደሚያባክኑ ለማሳየት የተጠቀመበት ማነጻጸሪያ ዛሬም ለተማሪ የሚያስረዳ ነው። ይሁን እንጂ የገጽ ስፋት ብቻውን የሙቀትን ሂሳብ አይዘጋም። ከፀሐይ የሚገባው ሙቀት፣ የአየር ለውጥና የርጥበት ጉዳይ ሁሉ ሲታከሉበት ነገሩ ይለወጣል። ጉልላቱም አልተሠራም።

ፉለር በ1959 በካርቦንዴል በሳዘርን ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ፕሮፌሰርነት ካገኘ በኋላ ሐሳቦቹን ወደ አንድ ማሰባሰብ ጀመረ። በ1961 በለንደን በተደረገው የዓለም አቀፍ አርክቴክቶች ኅብረት ጉባኤ ላይ የዓለም የአርክቴክቸር ትምህርት ቤቶች ከ1965 እስከ 1975 ያለውን ዐሥር ዓመት የምድርን ሀብት ለሁሉ በሚያዳርስ ጥናት ላይ እንዲያውሉ ጠየቀ። ለጥናቱ የሚያስፈልገውን መረጃ ከጆን ማክሄል ጋር በመሆን ማሰባሰብ ያዘ፤ የዓለምን ሀብት፣ የሰው ልጅን ዝንባሌና ፍላጎት የሚቆጥረው የመጀመሪያው ሰነድ በ1963 ወጣ።

ጨዋታው የተመሠረተው በዚህ መዝገብ ላይ ነው። የማስመሰያ ጨዋታ፣ በዘመናዊው አጠራር ሲሙሌሽን፣ መጀመሪያ የዳበረው በጦር ትምህርት ቤቶች ነበር። መኮንኖች በካርታ ላይ መርከብና ክፍለ ጦር እያንቀሳቀሱ ሊመጣ የሚችለውን ይገምታሉ። በ1944 ፎን ኖይማንና ሞርገንሽተርን ያሳተሙት የጨዋታ ቲዎሪ መጽሐፍም አንደኛው ወገን ያገኘውን ያህል ሌላው የሚያጣበትን ግጥሚያ በሒሳብ አስቀምጦታል። ገበጣ የተጫወተ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ጠጠሮቹ ቁጥራቸው የታወቀ ስለሆነ አንዱ ቤት ሲሞላ ሌላው ይጎድላል። ፉለር የተቃወመው ይህን መነሻ ነው። ዕውቀት ሲያድግ ከዚያው ብረትና ከዚያው ነዳጅ የሚገኘው አገልግሎት ስለሚጨምር፣ የዓለም ሀብት እንደ ገበጣ ጠጠር የተወሰነ አይደለም ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ በዓለም ጨዋታ ውስጥ ተጫዋቾች እርስ በርስ አይሸናነፉም፤ የሰው ልጅ ሁሉ ተፈጥሮ ሳይጎዳና ማንም በማንም ላይ ሳይጫን በአጭር ጊዜ ውስጥ የተሟላ ኑሮ የሚያገኝበትን መንገድ በኅብረት ይፈልጋሉ። ወደ ጦርነት ወይም ወደ ፖለቲካ ጫና የሚያመራ ዕቅድ ያቀረበ ቡድን ከጨዋታው ይወጣል።

የአሜሪካ መንግሥት ለሞንትሪያል ኤግዚቢሽን ሕንፃ እንዲወጥንለት ሲጠይቀው፣ ፉለር ያቀረበው ይህን ጨዋታ ነበር። በአዳራሹ ውስጥ ታላቅ የምድር ሉል ተንጠልጥሎ፣ ከዚያም ጎኖቹ ተፈትተው ወለሉ ላይ እንደ ካርታ እንዲዘረጉ፣ በካርታውም ላይ በኮምፒዩተር የሚታዘዙ አምፖሎች የሕዝብን፣ የኃይልንና የምግብን ሁኔታ እንዲያሳዩ አስቦ ነበር። ኃላፊዎቹ ግን የአሜሪካንን የኪነ ጥበብና የጠፈር ሥራ የሚያስተዋውቅ ትርኢት መረጡ። ለፉለር የቀረለት ጉልላቱ ነው። በዚያም ላይ በፀሐይ አቅጣጫ እየተከፈቱና እየተዘጉ ሙቀቱን የሚያስተካክሉ፣ በሞተር የሚሠሩ መጋረጃዎችን በኮምፒዩተር አያይዞ አስተከለ። ይህ ሕንፃ ራሱ ኃይሉን እንዲቆጣጠር የተደረገ ቀደምት ሙከራ ሲሆን፣ መጋረጃዎቹ ግን እየተበላሹ በሚገባ አልሠሩም። በሜይ 20 ቀን 1976 በጥገና ላይ ሳለ ከብየዳ የተነሣ እሳት የአክሪሊኩን ልባስ በሙሉ በላው፤ የብረቱ አጽም ግን ሳይወድቅ ቆመ፤ በ1995ም የአካባቢ ጥበቃ ቤተ መዘክር ሆነ።

ፉለር ጨዋታውን አልተወውም። በማርች 1969 በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ስለ ዓለም ጨዋታ አስረዳ። በዚያው ዓመት በበጋ በኒው ዮርክ በአንድ የሥዕል ትምህርት ቤት ከሃያ የሚበልጡ ወጣቶች ኤድዊን ሽሎስበርግ በመራው ሴሚናር ላይ ጨዋታውን ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወቱት። ኮምፒዩተር አልነበራቸውም፤ የነበራቸው የፉለር ካርታ፣ የመዝገቡ ሰነዶችና እርሳስ ብቻ ነው። ሥራቸውም እያንዳንዱን የሰው ልጅ ፍላጎት በቁጥር አስቀምጦ፣ ምግብ፣ ብረትና ኃይል የሚገኙበትን ቦታ በግልጽ ወረቀት ላይ ነድፎ በካርታው ላይ መደራረብ ነበር። ወረቀቶቹ ሲደራረቡ የሀብት እጥረት ያለ በሚመስልበት ስፍራ ብዙ ጊዜ የጎደለው ሀብቱ ሳይሆን ማስተላለፊያው መሆኑ ታየ።

ከዚህ ሥራ የወጣው ዋናው የኃይል ሐሳብ የአህጉሮችን የኤሌክትሪክ መስመሮች በአንድ መረብ ማያያዝ ነው። ኤሌክትሪክ ኃይል እንደ እህል በጎተራ ተከማችቶ ለመቆየት አይመችም። ሰው በተኛበት ሰዓት ተርባይኖች ሥራ ይፈታሉ፤ በሌላው የምድር ክፍል ግን ቀን ነው። ቀድሞ አንድ መስመር ኃይልን ያለ ብዙ ብክነት የሚያደርሰው 560 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ እንደ ነበረ፣ በከፍተኛ ቮልቴጅ ግን 2,400 ኪሎ ሜትር ያህል ለመድረስ እንደሚቻል ፉለር ያስረዳ ነበር። ስለዚህ እስያና አሜሪካ በቤሪንግ ወሽመጥ በኩል ቢያያዙ የሌሊቱ ትርፍ ለቀኑ ጉድለት ይውላል የሚለውን ሐሳብ በ1981 ባሳተመው ክሪቲካል ፓዝ በተባለው መጽሐፉ የጨዋታው ቀዳሚ ውጤት አድርጎ አቀረበው።

የ1973 የዘይት ቀውስ የኃይልን ጉዳይ የሁሉ መነጋገሪያ ሲያደርገው፣ በ1969 ሴሚናር ከተሳተፉት አንዱ የሆነው ሜዳርድ ጋቤል ከባልደረቦቹ ጋር የተጫወተውን የኃይል ጨዋታ በ1975 በመጽሐፍ አወጣ። ከፀሐይ፣ ከነፋስ፣ ከውሃና ከምድር ውስጥ ሙቀት የሚገኘው ኃይል በአገር በአገሩ ተቆጥሮ የቀረበበት ሥራ ነበር። በ1972 ፉለርና ጋቤል ያቋቋሙት የዓለም ጨዋታ ድርጅትም ጨዋታውን ወደ ትምህርት ቤቶችና ጉባኤዎች አሰራጨው። በቅርጫት ኳስ ሜዳ ስፋት በተዘረጋ ካርታ ላይ መቶ ያህል ሰዎች ቆመው፣ እያንዳንዱ የዓለምን ሕዝብ አንድ መቶኛ እየወከለ ኃይልና ምግብ ይለዋወጥ ነበር። በ2001 ጨዋታው ወደ ሌላ ድርጅት ተላለፈ።

በዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት ማስመሰያም ተፈጥሮ ነበር። የኤም አይ ቲው መሐንዲስ ጄይ ፎሬስተር በ1969 ባሳተመው የከተማ ጥናቱ፣ የአንድ ከተማ ቤቶች፣ ሥራና ሕዝብ እርስ በርስ እንዴት እንደሚገፋፉ በኮምፒዩተር ቀመር አስቀመጠ። በ1989 ለገበያ የቀረበው ሲምሲቲ የተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ፈጣሪ ዊል ራይት ከዚህ ጥናት ብዙ ወስዷል። በሲምሲቲ ውስጥ ተጫዋቹ የኃይል ማመንጫ ሠርቶ መስመር ካልዘረጋ በስተቀር አንድም ሠፈር አያድግም። የፉለር መዝገብ ሰፊ ቢሆንም አንዱ ውሳኔ ሌላውን እንዴት መልሶ እንደሚነካ የሚያሳይ ቀመር አልነበረውም። የፎሬስተር ስሌት ደግሞ ቀመሩ ቢኖረውም በመሠረቱ የባለሙያው እንጂ የነዋሪው ጨዋታ አልነበረም።

የፉለር ጉድለቶች በሙያ ዓይን ሲታዩ ቀላል አይደሉም። ጉልላቶቹ በመገጣጠሚያዎቻቸው በኩል ዝናብ ያስገቡ ነበር፤ ክብ ውስጣቸውም ለክፍሎች አይመችም። ስሌቶቹን ብዙ ጊዜ ከተረጋገጠው በላይ አግንኖ ያቀርባቸው ነበር። ከሁሉ የሚከብደው ግን ጨዋታው ሥልጣንንና ጥቅምን ከሰሌዳው ላይ ማንሣቱ ነው። መስመር የሚዘረጋው ሁለት መንግሥታት ሲስማሙ፣ ብድር ሲገኝ፣ የሽያጩ ዋጋ ሲወሰን ነው። በእስያና በአሜሪካ መካከል የታሰበው መስመር ሳይዘረጋ የቀረውም የኢንጂነሪንግ ችግር ብቻ ስላጋጠመው አይደለም።

ሐሳቡ ግን በሌላ ስፍራ፣ በሌሎች ሰዎች እጅ፣ በየክፍሉ እየተፈጸመ ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ በኬንያ እስከ ሱስዋ የሚደርሰው 1,045 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መስመር በ500 ኪሎ ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ለማስተላለፍ ተሠርቶ በ2022 አገልግሎት ጀምሯል። ይህ መስመር የፉለር ሥራ ውጤት ባይሆንም፣ አንድ አገር ያላትን የውሃ ኃይል ከጎረቤቷ ፍላጎት ጋር በአንድ ሰሌዳ ላይ መቁጠር ምን እንደሚያስገኝ ለባለሙያዎቻችን በቅርብ የሚያሳይ ምሳሌ ነው።

ፉለር በ1968 የእንግሊዝ አርክቴክቶች ንጉሣዊ የወርቅ ሜዳይ፣ በ1983 መጀመሪያም ከአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከፍተኛውን የሲቪል ሽልማት ተቀበለ። በ1970ዎቹ አብሮት መሥራት የጀመረው እንግሊዛዊው አርክቴክት ኖርማን ፎስተር አዲስ የሠራውን ሕንፃ ሲያሳየው ፉለር የጠየቀው ስለ ክብደቱ ነበር። ፎስተርና ረዳቶቹ ስሌቱን ሲሠሩ፣ የክብደቱ አብዛኛው ክፍል ያለው እንግዳ በሚያየው ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን ከምድር በታች በተቀበረው ኮንክሪት ውስጥ ሆኖ አገኙት። በጁላይ 1 ቀን 1983 በሎስ አንጀለስ የታመመች ሚስቱን ሲጠይቅ ልቡ ቆሞ ዐረፈ፤ አንም ከ36 ሰዓት በኋላ ተከተለችው።

ዛሬ የአንድን ሕንፃ የዓመት የኃይል ፍጆታ ገና ንድፉ በወረቀት ላይ ሳለ በኮምፒዩተር አስመስሎ ማስላት ለወጣት ባለሙያ የዕለት ሥራ ሆኗል። የአሠራሩ ፍጥነት ግን የሂሳቡን ትክክለኛነት አያረጋግጥም። ከፉለር ሥራ የሚገኘው ትምህርት በሦስት ይጠቃለላል። ማስመሰያው ሊበልጠው የማይችለው መዝገብ አለ፤ የተሳሳተ የቁጥር መዝገብ ይዞ የሚጀምር ስሌት የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል። ግምቶቹ ሁሉ፣ በተለይም ዋጋንና ሥልጣንን የሚመለከቱት፣ ከሰሌዳው ላይ ሳይነሡ በግልጽ መጻፍ አለባቸው። በመጨረሻም የኃይሉን ወጪ የሚከፍሉትና በሕንፃው የሚኖሩት ሰዎች በሰሌዳው ዙሪያ መቀመጥ ይገባቸዋል። ፉለር ሁለተኛውን ባይፈጽመውም፣ አንደኛውንና ሦስተኛውን ኮምፒዩተር ባልነበረበት ክፍል ውስጥ በካርታና በእርሳስ ሠርቶ አሳይቷል። ዛሬ ከእርሱ ይልቅ ብዙ መሣሪያ በእጃቸው ያለ ባለሙያዎች ከዚህ ያነሰ ሊሠሩ አይገባቸውም።